ያልተሰረዘ መስመር

በአገራችን የሰው ሕይወት በመጨረሻው ቀን በአንድ ገጽ ይጠቃለላል። ፍትሐቱ ካበቃ በኋላ፣ አስከሬኑ ወደ መቃብር ሳይወርድ፣ ድምፁ ጎላ ያለ ዘመድ ይመረጥና ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ይጀምራል፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በእንዲህ ያለ አገር፣ በእንዲህ ያለ ዘመን ተወለዱ። ታሪኩ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ተወለዱ፣ አደጉ፣ ሥራ ያዙ፣ ትዳር መሠረቱ፣ እግዚአብሔርን አክባሪ፣ ለተቸገረም ደራሽ ነበሩ፣ ባደረባቸው ሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሟቹ ነጋዴ ከሆነ «ታታሪ» የምትል ቃል ትታከላለች።

በ2001 ዓ.ም. የአያቴን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ግጥም ይሞክራል ስለሚባልልኝ ብዕሩ ለእኔ ተሰጠ። ከወረቀቱ ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረበትም። ነገር ግን ያው ገጽ ለአዳማ ነጋዴዎች ለግማሾቹ ቢነበብላቸው ልክክ ይል ነበር። ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ በዚያ ገጽ ውስጥ ያልገባውን ነው። አያቴን «አባባ»፣ ሴት አያቴን «እማማ» እንላቸው ነበርና እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

አባባ የምንጃር ሰው ነበሩ። ጤፉና ሽምብራው ከታወቀው ከዚያ አገር፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከአባታቸው አህዮች ኋላ እየተከተሉ እህል ይዘው ወደ ባቡር ጣቢያው ገበያ ይመላለሱ እንደ ነበር አጫውተውናል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በአዳማ ያልፍ ነበርና የምንጃር ሽምብራ እዚያ ከደረሰ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ ሆኖ ይመለሳል። ከጣልያን ወረራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የከተማዋን ስም ናዝሬት ብለው ለውጠውት ስለ ነበር አባባ ጎልምሰው ሱቅ የከፈቱባት ከተማ ናዝሬት ነበረች። በ1992 ዓ.ም. አዳማ የሚለው የጥንት ስሟ በይፋ ሲመለስላት ከደንበኞቻቸው መካከል የተከራከሩ ነበሩ። አባባ ግን «አዳማ እናቷ ያወጣችላት ስም ነው፤ ናዝሬት የክርስትና ስሟ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጓታል» ብለው ክርክሩን ዘጉት።

ሱቋ የተከፈተችው በወንጂ ዘመን ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር በአካባቢው ደመወዝተኛ የሚባል ሰው በረከተ። ደመወዝተኛ ገንዘብ የሚያገኘው በቀጠሮ ነው፤ ልጆቹ የሚበሉት ግን በየዕለቱ ነው። የዱቤ ንግድ የሚኖረው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። አባባ ክፍተቷን አይተው ከጣቢያው ብዙም ሳይርቁ አንዲት የሸቀጥ ሱቅ ከፈቱ፤ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ ክር፣ መርፌ።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነጋዴ ሲባል ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው ስም አቶ በቀለ ሞላ ነው። በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭ የተከሏቸው ሆቴሎች ለመንገደኛ የመንገዱ ምልክት ሆነው ነበር፤ «የት አደራችሁ?» ለሚል «በቀለ ሞላ» ብሎ መመለስ ብቻ ይበቃል። አባባ በአድናቆት ያነሧቸው ነበር። እሳቸው ግን የዚያ ወገን አልነበሩም። ሱቃቸው ስም አልነበራትም፤ በሯም ላይ ሰሌዳ አልተሰቀለም። ሰው «አባባ ቤት ሂድና ላምባ አምጣ» ሲል የምትገኝ ሱቅ ነበረች፤ እንደዚያም ሆና አርቃ ሳትታወቅ ኖረች።

አልፎ አልፎ ሞጆ ላይ ታጥፈው ወደ መቂና ዝዋይ ይወርዳሉ፤ በርበሬና ቦሎቄ ሊገዙ። ጉዞው ከኅዳር 21 ጋር የገጠመ እንደ ሆነ ግን ይረዝማል። ከዝዋይ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ይሻገራሉ፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰድዳ ያረፈችበት ነው ተብሎ ወደሚተረክለት ደብረ ጽዮን። አንድ ቄስ ንግድንና ንግሥን በአንድ ጉዞ ማድረጉ ደግ አይደለም ብለው ቢገሥጿቸው «አባቴ፣ ባዶ ጆንያ ይዤ ብመለስ እመቤታችን ራሷ ሰነፍ ትለኛለች» ብለው መመለሳቸው በቤታችን ሲተረክ ኖሯል።

በእርግጥም አባባ ሃይማኖትንና ንግድን እንደ ሁለት ነገር አያዩም ነበር። ጧት ዳዊት ይደግማሉ፤ ከዚያም ሱቁን ከፍተው ከሁሉ አስቀድመው የሚዛኑን ሁለት ሳሕኖች በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጋሉ። «ትርፍ ኃጢአት አይደለም፤ የተጣበቀ አቧራ ነው ኃጢአት» ይሉ ነበር። በወር በ19 የቅዱስ ገብርኤል ዝክር ነበራቸው። ጾም አይሽሩም፤ እድር አይቀሩም፤ የእቁብ ዳኛም ነበሩ።

እንዲህ ስል ቅዱስ አድርጌ እየሣልኋቸው እንዳይመስላችሁ። አባባ ሲባጎ ከጥቅል ሲፈታ ቋጠሮውን በትዕግሥት እየለቀቁ ያጠራቅማሉ። የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ቆጥረው ያድራሉ። ደመወዙን በኪሱ ይዞ በሱቁ ፊት አንገቱን አዙሮ ለማለፍ የሞከረ ባለ ዕዳ ካለ ሙሉ ስሙን ጠርተው በመንገደኛ ፊት ያቆሙታል፤ ሰውዬው ላብ እስኪያሰምጠው ድረስ የእግዜር ሰላምታ አያሳጥሩም። ጥሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ጥሩ ነጋዴ ደግሞ የሚዘነጋው ሳንቲም የለውም።

ዓሥር ዓመት ሲሞላኝ የአባባን ዓይን ሞራ እየጋረደው መጣና የዱቤው ደብተር ጸሐፊ ሆንሁ። ከዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ሒሳብ ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እሳቸው ሰውን የሚያስጽፉት በስሙ አልነበረም። «ባለ ጋሪው፣ ሁለት ኪሎ ስኳር»፤ «የመምህሩ ባለቤት፣ ሳሙናና ዘይት»፤ «የወዲያኛዋ አራስ፣ ማር»። ሰውን በኑሮው እንጂ በስሙ አያውቁትም ብዬ አስብ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ፤ ደብተሩ በባዕድ እጅ ቢወድቅ ማን ምን እንደ ተበደረ እንዳይታወቅ ነው። ዛሬ በምሠራበት ባንክ «የደንበኛ ምስጢር» የምንለው መሆኑ ነው፤ ለዚያውም ያለ መሐላና ያለ ፊርማ።

በዓመት ሁለት ምሽት ከደብተሩ ላይ መስመር ይሰረዛል፤ በታኅሣሥ 18 እና በሐምሌ 18። ማግሥቱ ሁለቱም የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል ነው፤ የታኅሣሡ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት፣ የሐምሌው ሕፃኑ ቂርቆስንና እናቱ ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያዳነበት። የቁልቢ ተሳላሚ በመኪና ተጭኖ እየዘመረ በከተማችን ሲያልፍ እኔ በኩራዝ ፊት ደብተሩን እገልጣለሁ፤ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው መስመር በመስመር ያስነብቡኛል። ሕጋቸው አጭር ነበረች። የሞተ ሰው ዕዳ ወደ ልጆቹ አይሻገርም፤ ይሰረዛል። አራስ የወሰደችው አይጠየቅም፤ ይሰረዛል። ሥራ ያጣ ሰው ግን ይጠበቃል እንጂ አይሰረዝለትም። ይህ ግራ ገብቶኝ ብጠይቃቸው «ከሰረዝሁለትማ ዳግም ሥራ አያገኝም ብዬ ፈረድሁበት ማለት ነው» አሉኝ። ስለ ብድር ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ስለ ሰው ክብር የተናገረ አሠልጣኝ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን ወደ ቤቶቹ ልምጣ፤ የታሪኩ ሥር ያለው እዚያ ነውና።

በ1950ዎቹ አባባና እማማ ከሱቁ ጀርባ አራት የጭቃ ቤቶች ሠሩ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር፣ ለእያንዳንዱ አንድ በርና አንድ መስኮት። ገንዘቡ ከሱቁ ትርፍ ብቻ አልወጣም። እማማ የአንገት ወርቃቸውን ሸጠዋል፤ ከአባታቸው የወረሷቸው ሁለት በሬዎችም ምንጃር ላይ ተሸጠው ቆርቆሮ ሆነዋል። ጭቃው ሲቦካ ገለባ የበተኑት፣ ለሠራተኛ ምሳ ያበሰሉት፣ የበሮቹን ቀለም አረንጓዴ ይሁን ብለው የመረጡት እማማ ናቸው። ውሉና ደረሰኙ ግን በዘመኑ ልማድ በአባባ ስም ነበር።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ በዓሉም የገብርኤል። እማማ እንደሚተርኩት አራቱም ተከራዮች ከነቤተሰቦቻቸው ለዝክር በቤታችን ተሰብስበው ሳለ ወሬው ደረሰ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም፤ ትርፉ ያለ ካሣ ይወረሳል፤ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነ ቤት በቀበሌ ይተዳደራል፤ የዝቅተኛ ቤቶችም ኪራይ ይቀነሳል። የእኛዎቹ ኪራያቸው ከ100 ብር እጅግ ያነሰ ነበር። አከራይም ተከራይም በአንድ ገበታ ዙሪያ እንደ ተቀመጡ፣ ዳቦው ገና ሳያልቅ፣ አንዱ አከራይነቱ ቀረ። ማንም ቀና ብሎ ማንንም ማየት አልደፈረም። አባባ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ዛሬ እንግዳው ገብርኤል ነው፤ ጠላው ይቀዳ እንጂ» አሉ።

ለብዙዎች ይህ አዋጅ እፎይታ ነበር፤ ይህንን መካድ አይገባም። ዕድሜውን ሙሉ በኪራይ ጭንቅ የኖረ ድኻ ያን ዕለት እልል ብሏል። በአንድ ገበታ ላይ ሁለቱም እውነት ተቀምጠው ነበር።

ሰኞ ከተከራዮቹ አንዳቸውም ወደ ሱቁ አልመጡም፤ ማክሰኞም እንዲሁ። ኀፍረት ይዟቸው ነው። ረቡዕ አባባ ራሳቸው ሄደው አራቱን በሮች አንኳኩ። «ቤቱን መንግሥት ወሰደው፤ ደብተሩ ግን የኔ ነው። ለምን ቀራችሁ?» አሏቸው። በማግሥቱ ሁሉም ተመለሱ። ዘመኑ እየገፋ ሄዶ ስኳር በኅብረት ሱቅ በራሽን የሚታደል ሲሆን፣ ከአፍንጫችን ሥር ወንጂ እያለ አባባ የሚሸጡት ስኳር አጥተው ሲባጎና ክብሪት ብቻ የቀራቸው ጊዜ ነበር። ደብተሩ ግን አንድም ቀን አልተዘጋም።

እነሆ ጥያቄው። አባባ ቤቶቹን በልባቸው ለቀቁ፤ ሰውም «እውነተኛ ክርስቲያን» አላቸው። እማማስ? እሳቸው ውኃ በቀዱ ቁጥር በአራቱ በሮች ፊት ያልፋሉ። አንደኛው ተከራይ አረንጓዴውን በር ሰማያዊ ቀለም ሲቀባው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ይባላል። አዝነው ነበር፤ በቤት ውስጥ ግን ኀዘናቸው ስም አልነበረውም። የአባባ ትዕግሥት ይመሰገናል፤ የእማማ ምሬት «ቻይው እንጂ» ይባላል።

መንግሥት ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. ከአዋጅ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶች የሚመረመሩበት አዋጅ ቁጥር 110 ሲወጣ አጎቴ የቆዩ ደረሰኞችን ሰብስቦ መጣ። የእኛ ቤቶች የተወሰዱት በአዋጅ እንጂ ከአዋጅ ውጭ ስላልነበር ነገሩ ተስፋ አልነበረውም። አጎቴ ግን አጥብቆ ያዘ። አባባ አዳመጡትና «ሃያ ዓመት ሰው ልጅ ያሳደገበትን ቤት አስለቅቄ የት ልገባ ነው?» አሉ።

እማማ ከጓዳ «እርስዎ ባይገቡ እኔ እገባለሁ!» አሉ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እማማ ግን አልሳቁም። አባባም እንዳልሳቁ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አይቻለሁ።

ያን ዕለት የተባለው ነገር በአባባ ልብ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ሳይበስል አልቀረም። ሐምሌ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ምሽት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እንደ ልማዳችን የሚሰረዘውን ሰርዘን ከጨረስን በኋላ «አትዝጋው፤ አዲስ ገጽ ግለጥ» አሉኝ። ገለጥሁ።

«‹ከባለቤቴ የወሰድሁት› ብለህ ጻፍ።»

ጻፍሁ። «ምን ልበል አባባ?»

«አራት ቤት።»

«ዋጋው ስንት?»

ዝም አሉ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። «ዋጋውን ተወው» አሉ በመጨረሻ፤ «ይህን መስመር ግን ማንም እንዳይሰርዘው።»

በዚያ ደብተር ሌላው ሁሉ ሰው ከአባባ የወሰደው ነው፤ አባባ ከሰው የወሰዱት ተብሎ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው። ሰው የራሱን ቢሰጥ ምጽዋት ነው። የሚስቱን ወርቅ ጨምሮ በደስታ ሲለቅቅ ግን ከምጽዋቱ ውስጥ እኩሌታው የእሷ ነው፤ እሷም አልተጠየቀችም። አባባ ይህን ስብከት ሰምተው አልተረዱትም፤ በሒሳብ ደረሱበት።

እኔ ምስጢር መጠበቅ የማልችል ልጅ ነበርሁና በማግሥቱ ለእማማ ነገርኋቸው። ቡና እየቆሉ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ስንት ብለው አስጻፉህ?»

«ዋጋ አላሉኝም።»

«ዋጋ ከሌለውማ አይከፈልም» አሉና ቡናቸውን መቁላት ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ስለ አራቱ ቤቶች ማንሣት ተዉ ብል እዋሻለሁ፤ አልተዉም። ቋንቋቸው ግን ተለወጠ። ቀድሞ «የተወሰዱት ቤቶች» ይሉ የነበሩት «የኔ ቤቶች» ማለት ጀመሩ። አባባም ሲሰሙ አያርሟቸውም፤ «የሷ ቤቶች» ይላሉ እንጂ። ለሠላሳ ዓመታት ያህል የሌላ ሰው የሆነ ንብረት፣ በሕግ አንዲት ጡብ ሳይነቃነቅ፣ በቤታችን ውስጥ ባለቤቱን አገኘ።

እማማ ያረፉት የክልሉ መቀመጫ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በተመለሰበት ዓመት፣ በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሐምሌ ደብተሩን ስንገልጥ ያቺ ገጽ ወጣች። የሞተ ሰው ዕዳ ይሰረዛል የምትለው ሕግ ትዝ ብላኝ ብዕሬን እንደ ያዝሁ ጠበቅኋቸው። አባባ ገባቸው።

«ልጄ፣ የሚሰረዘው ባለ ዕዳው ሲሞት ነው» አሉኝ። «አበዳሪው ሲሞት ዕዳው ይከብዳል እንጂ አይቀርም፤ የሚምርህ ሰው የለማ።»

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። በእያንዳንዱ ዓመት ዝክሩን «የእሷ ነው» እያሉ አዘከሩ። ለድኻ የሚሰጡትንም በእሷ ስም ሰጡ። በአባባ ስም የሚታወቅ ቸርነት ሁሉ ቀስ በቀስ ስሙን ለወጠ፤ በሰፈራችን የኋለኞቹ ልጆች ዳቦውን «የእማማ ዳቦ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከመካከላቸው እማማን በዓይኑ ያላያቸውም ነበር።

ሱቋ ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሆናለች። ከተማዋም ሌላ ናት። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ አዲስ አበባን በአንድ ሰዓት ያህል አቅርቦልናል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል። በባንካችን መስኮት ፊት የሚቆሙት ነጋዴዎች ገንዘባቸውን በስልካቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ዱቤም ቢሆን በስልክ ሆኗል። ክፉ ነው አልልም፤ አባባም ቢኖሩ ኖሮ ሲባጎ ይተርፋል ብለው ይወዱት ነበር።

በሥራችን «ሒሳብ ማስታረቅ» የምንለው ነገር አለ። ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ አንዱ ያለውን ሌላው ለምን እንዳላለው መርምሮ፣ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። ቃሉ ከሽማግሌዎች ሸንጎ የመጣ ይመስለኛል፤ የተጣሉ ሰዎችም እንደዚሁ ይታረቃሉና። ደግ ሰው ሲሞት የምናነበው አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ የሰጠውን። ሌላውም መዝገብ አለ፤ እሱ ሲሰጥ በጓዳ የጎደለባቸው ሰዎች መዝገብ። ሁለቱን አስታርቆ የሄደ ሰው ጥቂት ነው። አባባ አንድ መስመር ጽፈው ሄደዋል፤ ለእኔ ትልቅነታቸው እሱ ነው። ደብተሩ ከእኔ ዘንድ አለ። ለዚያች መስመር ከዚህ በፊት የሞከርኋትን ግጥም እነሆ፦

ደብተሩ ተዘጋ፣ ሚዛን ተሰቀለ፣
የሰጠው ተሰጠ፣ የቀረው ቀለለ፤
አንዲት መስመር ብቻ ሳትሰረዝ ኖራ
ለልጅ ልጅ ደረሰች እንደ ቤት አደራ።
ባንክም አያውቃትም፣ ሕግም አልሻራትም፤
አበዳሪ ሞታ ዕዳ አልሞተላትም።